እንግሊዝ ውስጥ ባዶ ቤት ላይ የተጨመረ ካውንስል ታክስን እንዴት መቃወም ይቻላል?

እንግሊዝ ውስጥ ቤት ኖሯቸው ቤታቸው ለጊዜው ሰው የማይኖርበት ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። እናት ታመውባቸው አገር ቤት የገቡ አሉ። ተከራይ ወጥቶባቸው ጥገና ላይ ያሉ አሉ። ከሟች ዘመድ ቤት ወርሰው ወረቀቱ ያላለቀላቸውም አሉ። ምክንያታቸው ይለያያል እንጂ የሚደርሳቸው ቢል ተመሳሳይ ነው፤ መደበኛው ካውንስል ታክስ፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር (ለካውንስሉ) የሚከፈለው የቤት ግብር፣ እጥፍ ሆኖ ይመጣል፣ ቤቱ ብዙ ዓመት ከቆየ ደግሞ አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

አብዛኛው ሰው ደንግጦ ስልክ ይደውላል፣ ጥቂት ይከራከራል፣ «ሕጉ ነው» ሲባል ይከፍላል። ሕጉ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ሕግ ጭማሪው የማይነካቸውን ቤቶች ለይቶ አስቀምጧል። የእርስዎ ቤት ከእነሱ አንዱ መሆኑን ካውንስሉ ከራሱ መዝገብ ላያውቅ ይችላል። ማሳወቅ ያለብዎ እርስዎ ነዎት፤ በጽሑፍ፣ በማስረጃ እና ጊዜው ሳያልፍ።

እዚህ የምጽፈው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው። ዌልስና ስኮትላንድ የራሳቸው ደንብና የራሳቸው የይግባኝ መንገድ አላቸው፤ ካርዲፍ ወይም ኤድንበራ ያለ ቤት በዚህ አይመራም።

ጭማሪው ምንድን ነው?

ካውንስሎች ፕሪሚየም ይሉታል። በ2013 ሲጀመር ቢበዛ 50 በመቶ ነበር፤ ቤቱም 2 ዓመት ባዶ መቆየት ነበረበት። በ2018 የወጣ ሕግ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረገው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ቤቱ 1 ዓመት ባዶ መቆየቱ በቂ ሆነ። አሁን ጣሪያው እንዲህ ነው፦ ባዶ ሆኖ 1 ዓመት ያለፈው ቤት እስከ 100 በመቶ፣ 5 ዓመት ያለፈው እስከ 200 በመቶ፣ 10 ዓመት ያለፈው እስከ 300 በመቶ ይጨመርበታል። መደበኛው ታክስ በዓመት 2,000 ፓውንድ ከሆነ ሒሳቡ እንደየደረጃው 4,000፣ 6,000 እና 8,000 ፓውንድ ይሆናል ማለት ነው። «እስከ» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ መጠኑን የሚወስነው እያንዳንዱ ካውንስል ስለሆነ የእርስዎ ካውንስል ምን እንደወሰነ ድረ ገጹ ላይ ያንብቡ።

አገር ቤት የለመድነው የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። ካውንስል ታክስ ግን በተለመደው ጊዜ የሚከፍለው ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው፤ ተከራይም ቢሆን። ነዋሪ ሲጠፋ ዕዳው ወደ ባለቤቱ ይዞራል። ለዓመታት ተከራዮቹ ሲከፍሉ የኖረ ባለቤት በድንገት በስሙ ቢል ሲመጣበት ግራ የሚገባው ለዚህ ነው።

አቤቱታ ከመጻፍዎ በፊት ሦስት ነገሮችን በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ጊዜው የሚቆጠረው በቤቱ ላይ ነው፣ በባለቤቱ ላይ አይደለም። 4 ዓመት ባዶ የቆየ ቤት ዛሬ ቢገዙ ቆጠራው ከእርስዎ አይጀምርም፤ ጭማሪው ከገዙበት ቀን ጀምሮ ሊጠየቅ ይችላል፣ ከ1 ዓመት በኋላም ወደ 200 በመቶ ይሸጋገራል። «ገና አሁን ገዛሁት» የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አያዋጣም። ቤት ሊገዙ ከሆነ ጠበቃዎ ቤቱ ባዶ የሆነበትን ቀን ከሻጩ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ያድርጉ።

ሁለተኛ፣ አጭር ቆይታ ቆጠራውን አያቋርጥም። አንድ ሰው ገብቶ 6 ሳምንት ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ቢኖር ሕጉ ያንን ጊዜ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ዘመድ ለሦስት ሳምንት አስገብቶ «ተኖሮበታል» ማለት አይጠቅምም። ከ6 ሳምንት በላይ በእርግጥ የኖረ ሰው ከነበረ ግን ቆጠራው ሰውየው ከወጣበት ቀን እንደገና ይጀምራል፤ ይህ በጣም ጠንካራ መከራከሪያ ነው።

ሦስተኛ፣ ዕቃ። የባዶ ቤት ጭማሪ የሚመለከተው ሰው የማይኖርበትን ብቻ ሳይሆን በአብዛኛው ዕቃ የሌለውን ቤት ነው። አልጋ፣ ሶፋ፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ ቁም ሣጥን ያለበት፣ ሰው ዛሬ ቢገባ ሊኖርበት የሚችል ቤት ከዚህ ትርጉም ይወጣል። ወለሉ ላይ የተጣለ ፍራሽና አንድ ማንቆርቆሪያ ግን ማንንም አያሳምንም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ካውንስሎች ዕቃ ባለበትና ማንም ዋና መኖሪያው ባላደረገው ቤት ላይም፣ ሁለተኛ ቤት ብለው፣ እስከ 100 በመቶ መጨመር ይችላሉ። ለዚህኛው የ1 ዓመት መጠበቂያ የለም። ስለዚህ ከአንዱ ጭማሪ ለማምለጥ ዕቃ ያስገባ ሰው ወዲያው በሌላው ሊያዝ ይችላል። ካውንስልዎ በሁለተኛ ቤት ላይ ጭማሪ መወሰን አለመወሰኑን ሳያረጋግጡ ለዕቃ ገንዘብ አያውጡ።

ደረጃ 1፦ ካውንስሉ የሚያውቀውን ይጠይቁ

ቢሉን ይዘው ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ጭማሪው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደተሰላ፣ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ እና የባዶ ቤት ወይስ የሁለተኛ ቤት ጭማሪ እንደሆነ። ቢሉ ላይ ካልተጻፈ በኢሜይል ይጠይቁ። «ቤቱ ባዶ የሆነው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው ብላችሁ ነው? ያንን ቀን ያገኛችሁት ከየት ነው?» የምትለዋ ጥያቄ አጭር ናት፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የጉዳዩን ቁልፍ ይዛ ትመጣለች። ካውንስሉ ቀኑን ያገኘው ከቀድሞ ተከራይ፣ ከሻጩ ወይም አንድ ቀን በር አንኳክቶ ሰው ካጣ ተቆጣጣሪ ሊሆን ይችላል። ተከራዩ ወጣሁ ያለበት ቀንና በእርግጥ የወጣበት ቀን በወራት ሊለያዩ ይችላሉ።

ስልክ አይከለከልም፤ ግን ከደወሉ በኋላ ያነጋገሩትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የተባለውን ጽፈው በዚያው ዕለት በኢሜይል ይላኩላቸው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ኋላ ይግባኝ ሰሚው ፊት የሚቆመው የተጻፈው ነው።

ደረጃ 2፦ የእርስዎን ምክንያት ይለዩ

መከራከሪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ካውንስሉ እውነታውን ተሳስቷል ማለት ነው፦ ቤቱ ባዶ አልነበረም፣ ቀኑ ልክ አይደለም፣ ወይም ዋና መኖሪያዬ ነው። ሁለተኛው ቤቱ ባዶ ቢሆንም ሕጉ ራሱ ከጭማሪው ወይም ከጠቅላላው ታክስ ያወጣዋል ማለት ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አገር ቤት ሄደው ስድስት ወር ስለቆዩ ብቻ ቤትዎ ባዶ ቤት አይሆንም። ጥያቄው ዋና መኖሪያዎ የት ነው የሚለው ነው። ልብስዎና ዕቃዎ እዚያው ካለ፣ ልጆችዎ እዚህ ትምህርት ቤት ከተመዘገቡ፣ ሐኪምዎና የመራጭነት ምዝገባዎ እዚህ ከሆነ፣ የመመለሻ ቲኬት ይዘው ከሄዱ፣ ቤቱ አሁንም ዋና መኖሪያዎ ነው ብለው በሙሉ ልብ መከራከር ይችላሉ። ይህ ተቀባይነት ካገኘ ጭማሪው ይነሣል፤ ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነም የ25 በመቶ ቅናሽዎ ይቀጥላል። ቤቱን ባዶ አድርገው፣ ዕቃውን ለሰው ሰጥተው፣ አዲስ አበባ ተከራይተው ሥራ ከጀመሩ ግን ይህ መንገድ አይሠራም።

ከሕጉ ከሚወጡት መካከል ለእኛ ሰው በጣም የሚጠቅመው፣ ግን እምብዛም የማይጠየቀው፣ ሰው ለማስታመም ቤቱን ጥሎ የሄደን ሰው የሚመለከተው ነው። ባለቤቱ በእርጅና፣ በበሽታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት እንክብካቤ የሚያስፈልገውን ሰው ለመንከባከብ ሌላ ቦታ ሄዶ ዋና መኖሪያውን እዚያ ካደረገ፣ ባዶ የቀረው ቤቱ ከካውንስል ታክስ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። በሕጉ ውስጥ ምድቡ ክላስ ጄ ይባላል። የ1992ቱ የነፃ ቤቶች ትእዛዝ «ሌላ ቦታ» ይላል እንጂ «እንግሊዝ ውስጥ» አይልም፤ የጊዜ ገደብም የለውም። ነገር ግን ቤቱ ከመሄድዎ በፊት የእርስዎ መኖሪያ የነበረ መሆን አለበት፣ ለማስታመም መሄድዎም ከመጀመሪያው የቀጠለ መሆን አለበት። መጀመሪያ ለሌላ ጉዳይ ሄደው ከዓመት በኋላ ማስታመም ከጀመሩ ክርክሩ ይከብዳል። በተቃራኒው ራሳቸው ታመው ሆስፒታል ወይም የአረጋውያን መንከባከቢያ በቋሚነት የገቡ ሰዎች ቤት ክላስ ኢ ነው፤ ልጃቸው ወይም ዘመዳቸው ጋር ሄደው የሚጦሩ ከሆነ ክላስ አይ ይባላል። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

የውርስ ቤት። ባለቤቱ ሲሞትና ቤቱ ባዶ ሲቀር የውርስ ፈቃዱ፣ ማለትም ፕሮቤቱ፣ እስኪሰጥ ድረስ፣ ከተሰጠ በኋላም ለ6 ወር ቤቱ ነፃ ነው። 6 ወሩ ሲያልቅ መደበኛው ታክስ ይጀምራል፤ ጭማሪው ግን ፕሮቤቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 12 ወር እስኪሞላ መጠየቅ የለበትም። ይህ ሁለተኛው ጥበቃ ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ የመጣ ስለሆነ ቢሎች ላይ ተዘሎ ቢያገኙት አይገረሙ፤ ፕሮቤቱ የተሰጠበትን ቀን ብቻ የሚያሳይ ቅጂ ይላኩላቸው። ቤቱ ለወራሹ ከተላለፈ ወይም ከተሸጠ ጥበቃው ያበቃል።

ለሽያጭ ወይም ለኪራይ የቀረበ ቤት። ይህም ጥበቃ የመጣው ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ነው፤ ቤቱ በእርግጥ ለገበያ ከቀረበ እስከ 12 ወር ጭማሪው አይጠየቅም። «በእርግጥ» የሚለው ላይ ነው ውጊያው። ማስታወቂያው መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ ዋጋው በአካባቢው ካሉ መሰል ቤቶች ጋር የሚቀራረብ መሆን አለበት። ማንም በማይገዛው ዋጋ ሰቅሎ ዓመቱን ማሳለፍ አይቻልም። ገዢ ተገኝቶ ሽያጩ እስኪጠናቀቅ የሚጠበቅበት ጊዜም በዚህ ይሸፈናል። አንድ ባለቤት ያንኑ ቤት ለሽያጭ ደጋግሞ አውጥቶ 12 ወሩን ማደስ ስለማይችል መቼ እንደሚጠቀሙበት ያስቡ።

ከባድ ጥገና። ጣሪያ፣ መሠረት፣ ግድግዳ ወይም ሌላ ዋና ሥራ የሚያስፈልገው ወይም እየተሠራለት ያለ ቤት እስከ 12 ወር ከባዶ ቤት ጭማሪው ይወጣል። ቀለም መቀባትና ኩሽና መቀየር ብቻውን ከባድ ጥገና አይባልም። ሥራው በእውነት እየተሄደበት መሆኑን ካውንስሉ ማየት ይፈልጋል።

ከእነዚህ ሌላ በሕግ እንዳይኖርበት የታገደ ቤት፣ ባንክ የያዘው ቤት፣ የታሰረ ሰው ቤት፣ በወታደራዊ ሥራ ምክንያት ሌላ ቦታ የሚኖር ሰው ቤት የየራሳቸው መውጫ አላቸው።

ቤቱ ጭራሹን ፈርሶ፣ ጣሪያው ወርዶ በተመጣጣኝ ጥገና መኖሪያ ሊሆን የማይችል ከሆነ ጥያቄው ለካውንስሉ ሳይሆን የቤቶችን ባንድ (የታክስ ደረጃ) ለሚወስነው የግመታ መሥሪያ ቤት ነው። ቤቱን ከዝርዝሩ እንዲያወጣው ይጠየቃል፤ ከወጣ ታክሱ ራሱ ይቀራል። እርጥበት የመታው፣ መስኮቱ የተሰበረ ወይም ቦይለሩ የወጣ ቤት ግን በአብዛኛው አይወጣም። ጥገናው ውድ መሆኑም ለብቻው ምክንያት አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ማስረጃ

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ሌላ ሰው፣ ለሌላ ዓላማ፣ በዚያው ጊዜ የጻፈው ወረቀት ነው። እርስዎ ዛሬ የሚጽፉት ደብዳቤ የሚያስረዳ ቢሆንም የዚያን ያህል አይመዝንም።

የመብራትና የጋዝ ቢል ይውሰዱ። ቆጣሪው በጃንዋሪ 4,210፣ በጁን 5,630 ካነበበ በመሃል ሰው ሲያበስልና ሲያሞቅ ነበር ማለት ነው። ንባቡ ከ4,210 ወደ 4,214 ብቻ ከሄደ ደግሞ ያው ወረቀት በእርስዎ ላይ ይመሰክራል። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ራስዎ ያንብቡት። በግምት የተሞላ ንባብ ምንም አያስረዳም፤ ኩባንያውን የተነበበውን ቁጥር እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

ተከራይ ስለነበረ ከተከራከሩ የኪራይ ውሉ፣ ኪራዩ የገባበት የባንክ መግለጫ፣ የመያዣ ገንዘቡ የተመዘገበበት ወረቀትና ዕቃ ቆጥረው የተፈራረሙበት ዝርዝር ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ ሁሉ የባንክ መግለጫው ይቀድማል። ኪራይ በእጅ ተቀብለው ከሆነ ያለው አማራጭ ተከራዩ ራሱ ፈርሞ የሚሰጥዎ ጽሑፍና በዚያ አድራሻ የደረሱት ደብዳቤዎች ናቸው።

ለሽያጭ ወይም ለኪራይ ከሆነ ከኤጀንቱ ጋር የተፈራረሙትን ውል፣ ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን የሚያሳይ ገጽ፣ ሰው ቤቱን ሊያይ የመጣባቸውን ቀናት የሚዘረዝር ኢሜይል ይያዙ። ኤጀንትዎን በአንድ ገጽ ጠቅልሎ እንዲጽፍልዎ ቢለምኑት አያስቸግርም፤ ለእሱ የአስር ደቂቃ ሥራ ነው።

ለጥገና ከሆነ ቀን ያለበት የግንበኛ የዋጋ ማቅረቢያ፣ የሥራ ፈቃድ ካለ እሱ፣ የዕቃና የፍርስራሽ ማንሻ ደረሰኝ፣ ቀን የሚያሳይ ፎቶ። ፎቶውን በየወሩ ከአንድ ቦታ ቆመው ያንሱ፤ ሥራው መራመዱ ያኔ በግልጽ ይታያል።

ለማስታመም ሄደው ከሆነ የሐኪም ወረቀት ዋናው ነው። አገር ቤት ካለ ሆስፒታል የሚወጣው ወረቀት ማኅተምና ቀን እንዲኖረው፣ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ታማሚው የሚንከባከበው ሰው እንደሚያስፈልገው በግልጽ እንዲል ሐኪሙን ይጠይቁ። በአማርኛ ከተጻፈ በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉመው ከዋናው ጋር ያያይዙት። ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ከሆኑ ተርጓሚው በፈረንጅ አቆጣጠር ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ በዚህ ብቻ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ተፈጥሮ ወረቀቱ የማይታመን ሊመስል ይችላል። የፓስፖርት ማኅተምና የአውሮፕላን ቲኬት ይጨምሩበት።

ደረጃ 4፦ ደብዳቤው

ካውንስሎች የሚደርሳቸውን ኢሜይል ብዙውን እንደ ተራ ጥያቄ ወይም እንደ ቅሬታ ይይዙታል። ተራ ቅሬታ ወደ ይግባኝ አያደርስም። ወደ ይግባኝ የሚያደርሰው በ1992 የወጣው የአካባቢ መንግሥት ፋይናንስ ሕግ ሴክሽን 16 የሚጠቅሰው አቤቱታ ነው። ይህን ቁጥር ርእሱ ላይ መጻፍ ብቻ ጉዳዩን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ሊያዛውረው ይችላል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ይዘቱ ከዚህ ብዙ መርዘም የለበትም፦

«ጉዳዩ፦ በሴክሽን 16 መሠረት የቀረበ አቤቱታ። የሒሳብ ቁጥሬ ይህ ነው፣ የቤቱ አድራሻ ይህ ነው። ከኤፕሪል 1 ቀን ጀምሮ የተጨመረብኝን 100 በመቶ የባዶ ቤት ጭማሪ እቃወማለሁ። ምክንያቴ፦ ቤቱ ከማርች 3 ቀን ጀምሮ ለሽያጭ በገበያ ላይ ስለሆነ በ2024ቱ ደንብ ክላስ ጂ ከጭማሪው ውጭ ነው። ማስረጃዎቼን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፦ የኤጀንት ውል፣ የማስታወቂያው ገጽ፣ የጎብኚዎች ዝርዝር። ጭማሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ ተነሥቶ ሒሳቤ እንዲስተካከልልኝ፣ ካልተቀበላችሁም ምክንያታችሁን በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።»

ለኪራይ የቀረበ ቤት ክላስ ኤች፣ ከፕሮቤት በኋላ ያለው ክላስ አይ፣ ከባድ ጥገና ክላስ ኤም ነው። እነዚህ በ2024ቱ ደንብ ውስጥ ያሉ፣ ከጭማሪው ብቻ የሚያወጡት ናቸው፤ ከላይ ከጠቀስኳቸው ከታክሱ ሙሉ ነፃ ከሚያደርጉት ፊደሎች ጋር አይምታቱብዎ። ለምሳሌ በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ክላስ አይ አለ፣ ትርጉሙ ግን ፍጹም የተለያየ ነው። ደብዳቤዎ ላይ የፊደሉንም የደንቡንም ስም አብረው ይጻፉ።

ሁለት ምክንያት ካለዎት ሁለቱንም በመጀመሪያው ደብዳቤ ያቅርቡ። ንዴትዎን ግን ከደብዳቤው ያውጡት። ጭማሪው ፍትሐዊ አይደለም፣ ካውንስሉ ቆሻሻ እንኳ አያነሣልኝም የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ካውንስሉ ጭማሪውን ለመወሰን ያለውን ሥልጣን ግን በዚህ መንገድ መክሰስ አይቻልም፣ ይግባኝ ሰሚውም አያየውም። የሚያየው የእርስዎ ቤት ከሕጉ ትርጉም ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለውን ነው።

ምክንያትዎ ከየትኛውም ክላስ ካልገባ፣ ግን በእውነት መክፈል የማይችሉ ከሆነ ወይም ቤቱ ባዶ የቀረው ከአቅምዎ በላይ በሆነ ነገር ከሆነ፣ በዚያው ሕግ ሴክሽን 13ኤ መሠረት ካውንስሉ በራሱ ውሳኔ ታክሱን እንዲቀንስልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ገቢና ወጪዎን፣ ያለዎትን ቁጠባ፣ ቤቱን ለማስያዝ ያደረጉትን ጥረት በዝርዝር ያቅርቡ። ዝም ብሎ «አልችልም» ማለት አያስገኝም። ከከለከሉዎት ይህም ወደ ትሪቡናሉ፣ ማለትም ወደ ይግባኝ ሰሚው፣ ሊሄድ ይችላል።

ደረጃ 5፦ መልስ እስኪመጣ ይክፈሉ

ይህ ብዙ ሰው የማይወደው ምክር ነው፣ ግን ትልቅ ጉዳት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አቤቱታ ማቅረብ ክፍያን አያስቆምም። አንድ ወር ካለፈዎት ማሳሰቢያ ይመጣል፤ በ7 ቀን ካልከፈሉ የዓመቱን ቀሪ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊጠይቁዎት ይችላሉ፤ ቀጥሎ በማጅስትሬት ፍርድ ቤት በኩል የዕዳ ማዘዣ ያወጣሉ፣ ወጪውም በእርስዎ ላይ ይደመራል። እዚያ ፍርድ ቤት ቀርበው «ጭማሪው አይገባኝም» ቢሉ ዳኛው ጉዳዩን ማየት አይችልም፤ ቦታው ትሪቡናሉ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ካልቻሉ የማይከራከሩበትን መደበኛ ታክስ በወሩ እየከፈሉ ጭማሪው እስኪወሰን እንዲታገድልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። የሚፈቅዱ ካውንስሎች አሉ፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ሳይቀበሉ ግን በቃል ብቻ አይተማመኑ።

አገር ቤት ካሉ ደብዳቤው ባዶ ቤት በር ላይ እየተጠራቀመ ነው ማለት ነው። የመላኪያ አድራሻዎን በኢሜይል እንዲሆን ያስቀይሩ፣ ወይም የሚያምኑትን ሰው ስለ ሒሳቡ እንዲያነጋግርልዎ በፊርማ ይወክሉ።

ደረጃ 6፦ ትሪቡናል

ካውንስሉ መልስ ለመስጠት 2 ወር አለው። ከከለከለዎት፣ የክልከላው ደብዳቤ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በ2 ወር ውስጥ ለእንግሊዝ የግመታ ትሪቡናል ይግባኝ ይበሉ። 2 ወሩ አልፎ ዝም ካለም አይጠብቁት፤ የመጀመሪያ ደብዳቤዎን ካቀረቡበት ቀን ጀምሮ 4 ወር ሳይሞላ ይግባኙን ማስገባት ይችላሉ። እነዚህን ሁለት ቀኖች ደብዳቤውን በላኩበት ዕለት ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። ካለፈ በኋላ ለማስፈቀድ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ማሳየት ይጠበቅብዎታል።

ትሪቡናሉ ከካውንስሉ ነፃ ነው፣ ክፍያም የለውም። ቅጹ በኢንተርኔት ይሞላል፤ የሴክሽን 16 ደብዳቤዎንና የካውንስሉን መልስ ያያይዙበታል። አስተርጓሚ ካስፈለገዎ ቅጹ ላይ ወይም ወዲያው በኢሜይል ይጠይቁ፤ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅዎ ቢመጣ እንኳ ቃልዎ በትክክል እንዲተላለፍ ገለልተኛ አስተርጓሚ ይሻላል። ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው የምክር ድርጅት ወረቀትዎን በነፃ ሊያይልዎ ይችላል።

ችሎቱ እንደ ፍርድ ቤት የሚያስፈራ አይደለም፣ ብዙ ጊዜም በቪዲዮ ነው። የካውንስሉ ሰው ይናገራል፣ እርስዎ ይናገራሉ፣ ጥያቄ ይጠየቃሉ። ማስረጃ የሚገባበትን ቀን የቀጠሮው ደብዳቤ ይነግርዎታል፤ በዕለቱ አዲስ ወረቀት ማውጣት አይፈቀድልዎ ይሆናል። ወረቀቶችዎን በቀን ቅደም ተከተል ያስቀምጡና ገጽ ይቁጠሩባቸው። ከፊታቸው አንድ ገጽ ያስቀድሙ፦ በግራ ቀን፣ በመሃል የሆነው ነገር፣ በቀኝ ማስረጃው ያለበት ገጽ። ተከራይ የወጣው መቼ፣ ግንበኛ የጀመረው መቼ፣ ኤጀንት የተፈራረመው መቼ። ባዶ ቤት ጉዳይ ከሞላ ጎደል የቀን ክርክር ስለሆነ ጉባኤው ይህን ገጽ በእጁ ይዞ ነው የሚያዳምጥዎ። ያልገባዎትን ጥያቄ እንዲደግሙልዎ ይጠይቁ፤ የማያስታውሱትን ቀን ደግሞ ገምተው አይናገሩ።

ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይደርስዎታል። ከተሸነፉ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መሄድ የሚቻለው በሕግ ነጥብ ብቻ ነው፤ በ4 ሳምንት ውስጥ፣ ወጪውም ከባድ ስለሆነ ያለ ጠበቃ ምክር አይግቡበት። ካውንስሉ ደብዳቤ እየጣለ፣ ወራት እያስቆጠረ፣ የተሳሳተ መረጃ እየሰጠ ካንገላታዎት ለዚያ የሚሄዱበት ሌላ ቦታ አለ፦ በመጀመሪያ የካውንስሉን የራሱን የቅሬታ ሥርዓት ይጨርሱ፣ ከዚያ ለአካባቢ መንግሥት እንባ ጠባቂ ያመልክቱ። እንባ ጠባቂው ታክሱን አይሰርዝም፤ ስለ አያያዙ ነው የሚመረምረው።

ካሸነፉ ካውንስሉ ሒሳቡን አስተካክሎ አዲስ ቢል ይልካል። የተረፈውን ብዙ ጊዜ ወደሚቀጥለው ክፍያ ያዞሩታል፤ በባንክ እንዲመለስልዎ ከፈለጉ ይጠይቁ። ከጭማሪው ያወጣዎት ነገር ሲያበቃ፣ ለምሳሌ ቤቱን ከገበያ ሲያወርዱ ወይም ከማስታመም ሲመለሱ፣ በ21 ቀን ውስጥ ለካውንስሉ ያሳውቁ፤ ካላሳወቁ የ70 ፓውንድ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። የ12 ወር ጥበቃ ከሆነ ደግሞ የሚያልቅበትን ቀን አሁኑኑ ይያዙትና ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብለው ቤቱን ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም ለመግባት ይወስኑ፤ ቀኑ ካለፈ ጭማሪው የሚሰላው ቤቱ ከመጀመሪያው ባዶ ከሆነበት ቀን ተቆጥሮ ነው።